የቱብለስ ቫልቭ እንዳይደፈን ምን ያዋጣል? ተራው ፕሬስታ፣ ሚልኪት፣ ፊልሞርና ክሊክ

ፓምፑን ቫልቩ ላይ ትሰካላችሁ። እጀታውን ስትጫኑት አልወርድ ይላችኋል። የግፊት መለኪያው ጌጅ በአንድ ግፊት 60 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ላይ ዘልሎ ይወጣል፣ ጎማውን በጣት ስትነኩት ግን ያው እንደለሰለሰ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ፓምፑ ተበላሸ ብሎ ሌላ ይገዛል። ፓምፑ ምንም አልሆነም። የተደፈነው ቫልቩ ነው።

ቱብለስ ጎማ ያለው ብስክሌት የሚነዳ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ይሄ ያጋጥመዋል። አብረውኝ የሚነዱ ጓደኞቼም ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ ተራውን ቫልቭ ጥሎ አዲስ የወጣውን ውድ ቫልቭ መግዛት ያዋጣል ወይ? እዚህ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ አራት ዓይነት ቫልቭ ስለሞከርኩ መልሴን በዝርዝር ልጻፍላችሁ። ሐሳቤን ከአሁኑ ልናገር። ቫልቭ የሚደፈነው አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን አያያዙ ስላልተስተካከለ ነው። አያያዙ ከተስተካከለ የጥቂት ዶላር ቫልቭም ሥራውን ይሠራል። ከዚያ በላይ ገንዘብ ላውጣ ለሚል ደግሞ ከአራቱ አንዱን በደስታ እመክራለሁ፣ አንዱን ደግሞ የምመክረው ለአንዳንድ ሰው ብቻ ነው።

ለጀማሪዎች ትንሽ ልበል፣ የምታውቁ እለፉት። ቱብለስን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከመኪና ነው። ካላማዳሪያ የለውም፣ ጎማው ራሱ ቸርኬው ላይ ተጣብቆ አየሩን ይይዛል። የብስክሌቱም እንደዚያው ነው፣ ልዩነቱ ግን ውስጡ ሲላንት የሚባል ነጭ ፈሳሽ ይጨመርበታል። ማቪክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኤስቲ የሚባለውን የቱብለስ አሠራር ለተራራ ብስክሌት አወጣ። ከዚያ በኋላ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ስታንስ ኖቱብስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተራውን ቸርኬ በቴፕና በፈሳሽ ቱብለስ ማድረግ እንደሚቻል አሳይቶ ነገሩን ተወዳጅ አደረገው። ዛሬ ለጠጠርና ለአፈር መንገድ የሚሸጥ ጥሩ ብስክሌት ስትገዙ ጎማውም ቸርኬውም አብዛኛውን ጊዜ ለቱብለስ የተዘጋጀ ነው።

እኔ የምነዳው በብዛት ሲ ኤንድ ኦ የሚባለው የድሮ ቦይ ዳር ባለው መንገድ ላይ ነው። የዲሲ አካባቢ ሰው ያውቀዋል። ዲሲ ካለው ጆርጅታውን ሰፈር ተነስቶ እስከ ከምበርላንድ፣ ሜሪላንድ ድረስ 184.5 ማይል ይሄዳል። አስፋልት አይደለም። ጠጠር አለው፣ አፈር አለው፣ ሲዘንብ ጭቃ ነው፣ የዛፍ ሥርም መንገዱን እያቋረጠ ይወጣል። እንደዚህ ዓይነት ቦታ ላይ ጎማን በከፍተኛ ግፊት ነፍቶ መንዳት ወገብ ይጎዳል። ካላማዳሪያ ያለውን ጎማ ደግሞ አለስልሳችሁ ብትነዱት ሥር ወይም ድንጋይ ስትመቱ ካላማዳሪያው ቸርኬው ላይ ተቆንጥጦ ይበሳል። ቱብለስ ይሄን ጣጣ ያስቀርላችኋል። 40 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ጎማ 35 ፒኤስአይ አካባቢ አድርጌ ያለ ሐሳብ እሄዳለሁ። ትንሽ እሾህ ወይም ስባሪ ጠርሙስ ቢገባ ፈሳሹ ሳልወርድ ይደፍነዋል። ስለዚህ ቱብለስን እወደዋለሁ፣ ወደ ካላማዳሪያ የመመለስ ሐሳብም የለኝም። የሚያደክመው ቫልቩ ብቻ ነው።

ለምን እንደሚደፈን ካልገባን መፍትሔውም አይገባንምና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሲላንት በብዛት የሚሠራው ከላቴክስ፣ ማለትም ከፈሳሽ ጎማ ነው። ላቴክሱ ጠርሙስ ውስጥ እያለ እንዳይረጋ አሞኒያ ይጨመርበታል፣ ስትከፍቱት አፍንጫ የሚወጋው ሽታ እሱ ነው። በብርድ እንዳይጠጥር ግላይኮል ይገባበታል። ሰፋ ያለ ቀዳዳ እንዲይዝ ደግሞ ደቃቅ ፍርፋሪ ወይም ክር ይቀላቀልበታል። እሾህ ጎማውን ሲበሳው የሚወጣው አየር ፈሳሹን እየገፋ ወደ ቀዳዳው ይወስደዋል፣ እዚያ ሲደርስ ላቴክሱ ረግቶ ይይዛል። አሁን ቫልቩን አስቡት። ቫልቩም እኮ ቀዳዳ ነው። አየር ባስተነፈሳችሁ ቁጥር፣ ግፊት ለመለካት ጫፉን ጫን ባደረጋችሁ ቁጥር፣ በአጠገቡ ያለው ፈሳሽ አብሮ ይወጣል። ከዚያ የተሠራበትን ሥራ ይሠራል፦ ያገኘውን ቀዳዳ ይደፍናል። ቫልቭ ሲደፈን ፈሳሹ ተበላሸ ማለት አይደለም፣ እንዲያውም ደህና እየሠራ ነው ማለት ነው። ሥራችን ፈሳሹና ቫልቩ እንዳይገናኙ ማድረግ ነው።

ወደ ቫልቮቹ ልግባ።

ተራው ፕሬስታ ቀጭንና ረጅም የሆነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የምትሽከረከር ፍሬ ያለችው ነው። ለእሱ ቸርኬው ላይ የሚያስፈልገው ቀዳዳ 6 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ለመኪናው ዓይነት ቫልቭ ግን 8 ሚሊሜትር ያህል ያስፈልጋል። ቀጭን መሆኑ ለቸርኬው ጥሩ ነው፣ ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ ቸርኬው አይዳከምም። ለሲላንት ግን መጥፎ ነው። አየር የሚያልፍበት መንገድ በጣም ጠባብ ስለሆነ ትንሽ የረጋ ላቴክስ ይበቃዋል። መሐሉ ላይ ያለው ኮር የሚባለው ክፍል ተፈትቶ ይወጣል፣ ሁሉም ግን አይወጣም። ጎኑ ላይ ሁለት ጠፍጣፋ ፊት ካለው ይፈታል፣ ክብ ብቻ ከሆነ አይፈታም። ለቱብለስ ቫልቭ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ነገር ይሄ ይሁን። ኮሩ የማይወጣ ቫልቭ ለቱብለስ በፍጹም አትግዙ፣ ነጻ ቢሰጧችሁም።

የተደፈነ ኮር ሲያጋጥማችሁ አትደንግጡ። ጎማውን አዙራችሁ ቫልቩን ከላይ አድርጉት፣ ፈሳሹ ወደ ታች እስኪወርድ ትንሽ ጠብቁ፣ አየሩን ቀስ ብላችሁ አስተንፍሱ፣ ከዚያ በትንሿ የኮር መፍቻ ፍቱት። አየር እያለው የሚፈታ ሰው አይቻለሁ፣ ኮሩ ተፈናጥሮ ዓይን ሊመታ ይችላልና ይሄን አታድርጉ። ካወጣችሁት በኋላ ጫፉ ላይ ያለው ትንሹ የጎማ ማሸጊያ ዙሪያ ነጭ ወይም ግራጫ የረጋ ነገር ታገኛላችሁ። በጥፍር እየተላጠ ይነሳል። እምቢ ካለ ለብ ያለ የሳሙና ውኃ ውስጥ ወይም አልኮል ውስጥ ትንሽ አቆዩትና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። ጫፉን ጫን ለቀቅ እያደረጋችሁ ሳይጣበቅ እንደሚወጣና እንደሚገባ እዩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፣ ግን ኮሩ ብቻ አይደለም የሚደፈነው። ኮሩ የተቀመጠበት ቱቦም ከታች በኩል፣ ጎማው ውስጥ ባለው አፉ ላይ፣ ላቴክስ ይጋገርበታል። ቀጭን 2 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ማዕዘኑን መፍቻ) ከላይ አስገብታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። ኮር አጽድታችሁ ወይም አዲስ ቀይራችሁ አሁንም አየር አልገባ ካለ ምክንያቱ እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ጓደኛዬን አናዶታል፣ እኔንም አናዶኛል። ጓደኛዬ አየር አልቀበል ያለውን ጎማ ይዞ አንድ ብስክሌት ቤት ሄደ። የቸርኬውን ቴፕ፣ ፈሳሹንም፣ ቫልቩንም ቀይረው የጉልበት ጨምረው አስከፈሉት። አሮጌውን ቫልቭ ተቀብሎ አመጣልኝ፣ ኮሩን ስናወጣው ከጫፉ በቀር ሌላው ሁሉ ደህና ነበር። አዲስ ኮር የሚሸጠው በጥቂት ዶላር ነው፣ መፍቻውም እንደዚያው። ስለዚህ ሱቅ ከሄዳችሁ መጀመሪያ "ኮሩን አውጥታችሁ እዩልኝ" በሉ። ሌላውን ከዚያ በኋላ።

እና ተራው ፕሬስታ ምን ያህል ይገባዋል? እኔ ጥሩ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ መለዋወጫው ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። ድካሙ በየጊዜው ማጽዳት ስለሚፈልግ ነው፣ ድካሙንም በአያያዝ በጣም መቀነስ ይቻላል።

አያያዝ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገራችሁ። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው የቫልቩ አቀማመጥ ነው። ብስክሌት ሲቆም ፈሳሹ ጎማው ታች ይጠራቀማል። ቫልቩ ከታች ከሆነ ፈሳሹ ውስጥ ተነክሮ ያድራል ማለት ነው፣ ሳምንት ከቆመ ሳምንት ሙሉ። ስለዚህ ብስክሌታችሁን ስታቆሙ ሁለቱንም ቫልቮች ወደ ላይ አድርጓቸው። ሰከንዶች ነው የሚፈጀው። ስትነፉም፣ ስታስተነፍሱም፣ ግፊት ስትለኩም ቫልቩ ከላይ ይሁን። ከመንገድ እንደገባችሁ ወዲያው አታስተንፍሱ፣ ጎማው ሲሽከረከር ፈሳሹ ሁሉም ቦታ ተረጭቷል፣ ቱቦው ውስጥም አለ። ጥቂት ደቂቃ ይውረድለት። አየር ስትቀንሱ ደግሞ ትስስ ብሎ በኃይል እንዲወጣ አትልቀቁት፣ ጫፉን ትንሽ ብቻ ጫን አድርጉ፣ በዝግታ የሚወጣ አየር ፈሳሽ ይዞ የመምጣት አቅሙ ያነሰ ነው። የሚገርመኝ ነገር፣ ይሄን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እንኳ ከመንፋቱ በፊት ጫፏን ቲክ ቲክ የማድረግ ልማድ አለው። ኮሩ እንዳይጣበቅ ሲባል ትክክል ነው፣ ቫልቩ ከታች ሆኖ ከተደረገ ግን ፈሳሹን በራስ እጅ ወደ ኮሩ መጥራት ነው።

ሲላንት ስትጨምሩ በቫልቩ በኩል ከሆነ መጀመሪያ ኮሩን አውጡ፣ ጎማውን እንደ ግድግዳ ሰዓት አስባችሁ ቫልቩን 4 ወይም 8 ቁጥር አካባቢ አድርጉት፣ በሲሪንጅ ቀስ ብላችሁ አስገቡ። ጠርሙሱን በደንብ መነቅነቅ አትርሱ፣ ፍርፋሪው ታች ይዘቅጣልና። ከጨረሳችሁ በኋላ ቫልቩን ወደ ላይ አዙራችሁ ቱቦው ውስጥ የቀረው ወደ ጎማው እስኪንጠባጠብ ጠብቁ፣ ከዚያ ነው ኮሩ የሚመለሰው። ይሄን የመጨረሻውን ነገር የሚዘል ሰው አዲስ ኮር በገዛ ሲላንቱ ውስጥ ነክሮ ይዘጋዋል። አንዳንድ ፈሳሽ ደግሞ ፍርፋሪው ትልቅ ስለሆነ በቫልቭ በኩል ጭራሽ አይገባም። የስታንስ ሬስ የሚባለው ለምሳሌ እንደዚያ ነው፣ አምራቹ ራሱ በቀጥታ ጎማው ውስጥ አፍስሱት ይላል። ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

መጠኑም ይታሰብበት። እኔ ለ40 ሚሊሜትር ጎማ 60 ሚሊ ሊትር አካባቢ እጨምራለሁ፣ ለተራራ ብስክሌት ትልቅ ጎማ ከ90 እስከ 120 ይሄዳል። እንዳይቀደድ ብሎ እጥፍ መጨመር ጎማውን ያከብደዋል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። ከዚያ ደግሞ ፈሳሹ ዕድሜ አለው። በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 ወር ነው። እዚህ ዲሲ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት፣ ብስክሌቱ መኪና ጭራ ውስጥ ወይም ፀሐይ የሚመታው ሰገነት ላይ ከዋለ፣ ቶሎ ይደርቃል። ሲደርቅ ቀዳዳ አይደፍንም፣ ጎማው ውስጥ የጎማ ኳስ ሆኖ ይንከባለላል። መድረቁን ለማወቅ ኮሩን አውጥቼ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ በቱቦው አስገባለሁ፣ በዚህ ጊዜ ቫልቩ ከታች ይሆናል፣ ጫፉ እርጥብ ሆኖ ከወጣ ፈሳሽ አለ፣ ደረቅ ከሆነ ተጨማሪ ያስፈልጋል። የመኪና ሞተር ዘይት የምንለካበት መንገድ ማለት ነው።

ሲኦቱ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ካርትሪጅም አለ፣ መንገድ ላይ በአንድ ጊዜ ጎማ የሚነፋው ትንሹ ጣሳ። መንገድ ላይ ለመዳን ጥሩ ነው፣ እኔም አንድ ይዤ ነው የምወጣው። ነገር ግን ሲወጣ በጣም ቀዝቃዛ ነው፣ ጋዙም ብዙዎቹን የላቴክስ ፈሳሾች ያረጋቸዋል። ቫልቩ ከታች ሆኖ ከተነፋበት እዚያው አፉ ላይ ሊረጋ ይችላል። ካስፈለጋችሁ ቫልቩን ከላይ አድርጋችሁ ንፉ፣ ቤት ስትገቡ አስወጥታችሁ በተለመደው አየር ተኩት፣ ፈሳሹንም እዩት።

እስካሁን ያልኩት ለማንኛውም ቫልቭ ይሠራል። አሁን ወደ ውዶቹ።

ሚልኪት የስዊዘርላንድ ሥራ ነው። ቱቦው ታች ላይ ትንንሽ የጎማ ክንፎች አሉት፣ ኮሩ ሲወጣ እነሱ ይዘጋሉ። ጥቅሙ፣ ግፊቱን ቀንሳችሁ ኮሩን ብታወጡም ጎማው ከቸርኬው አይላቀቅም፣ ፈሳሹም ወደ ላይ አይመጣም። ከቫልቩ ጋር የሚሄደው ሲሪንጅ ቀጭን ቱቦ አለው፣ በክንፎቹ መሐል አልፎ ያለውን ፈሳሽ ስቦ ስንት እንደቀረ በሚሊ ሊትር ያሳያችኋል፣ ከዚያ የጎደለውን ሞልታችሁ ትመልሱታላችሁ። ብዙ ብስክሌት ላለው ቤት፣ ለምሳሌ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ለሚነዱ፣ በጣም ንጹሕ አሠራር ነው። አንድ ብስክሌት ብቻ ላለው ግን የፕላስቲክ ማሰሪያው ይበቃዋል እላለሁ።

ፊልሞር ብዙ ሲወራለት የነበረው ነው። ሪዘርቭ የተባለው፣ ከሳንታ ክሩዝ ብስክሌት ጋር የሚሠራው የቸርኬ አምራች እ.ኤ.አ. በ2022 አወጣው። ሐሳቡ ብልህ ነው። ተራው ፕሬስታ አየሩን የሚዘጋው ኮሩ ውስጥ፣ ጠባቡ ቦታ ላይ ነው። ፊልሞር ግን የሚዘጋው ታች፣ ጎማው ውስጥ ባለው የቫልቩ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ሲዘጋ ቱቦው በሙሉ ከፈሳሹ ውጪ ሆኖ ይቀራል፣ ሲከፈት ደግሞ አየሩ ሰፊ መንገድ ያገኛል። አምራቹ ከተራው ፕሬስታ በሦስት እጥፍ የሚበልጥ አየር ያሳልፋል ይላል። አዲስ ጎማ ቸርኬው ላይ እንዲቀመጥ ሲነፋ ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል፣ ኮምፕሬሰር የሚፈልግ የነበረ ጎማ በተራ የቁም ፓምፕ ጧ ጧ ብሎ ተቀመጠልኝ። ያን ድምፅ ስትሰሙ የምታገኙትን ደስታ የነዳ ያውቀዋል። አሠራሩንም እወደዋለሁ፣ ብረቱ ጥሩ ነው፣ ርዝመቱም ለቀጭንና ለወፍራም ቸርኬ ተለይቶ ይሸጣል። ችግሩ ዋጋው ነው። ሲወጣ ጥንዱ 50 ዶላር ነበር። በዚያ ገንዘብ ለዓመታት የሚበቃ ኮር ትገዛላችሁ። ጎማ ቶሎ ቶሎ ለሚቀያይር፣ ለሚወዳደር፣ ማጽዳት ለሚሰለቸው ሰው አዎ፣ ይግዛው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚነዳ ሰው ግን ያን ገንዘብ ጥሩ ጎማ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻው ሽዋልቤ የተባለው የጀርመን የጎማ አምራች እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ክሊክ ቫልቭ ነው። እኔ በደስታ የምመክረው ይሄን ነው። ምክንያቱም ሙሉ ቫልቭ መቀየር የለባችሁም። ያለው የፕሬስታ ቱቦ እንዳለ ሆኖ ኮሩን ብቻ አውጥታችሁ የክሊኩን ኮር ታስገባላችሁ፣ ፓምፑ ራስ ላይ ደግሞ ትንሽ አስማሚ ትገጥማላችሁ። ከዚያ በኋላ ፍሬ መፍታት የለም፣ የፓምፑን ማንሻ ማጠፍ የለም። የፓምፑን ራስ ቫልቩ ላይ ትጫኑታላችሁ፣ ቀጭ ይላል፣ ትነፋላችሁ፣ ስባችሁ ታነሱታላችሁ። ሽዋልቤ ከፕሬስታ 50 በመቶ የበለጠ አየር ያሳልፋል ይላል። እንደ ፊልሞር ሦስት እጥፍ አይደለም፣ ዋጋው ግን ከሱ በጣም ያነሰ ነው፣ አስማሚውን ረስታችሁ ብትወጡም በተራው የፕሬስታ ፓምፕ ይነፋል። ጣቱ ለሚያመው ሰው፣ ዕድሜው ለገፋ ሰው፣ ለልጆችም ትልቅ ነገር ነው። የፕሬስታን ቀጭን ዘንግ ፓምፕ ሲያነሱ ማጣመም የተለመደ ነው፣ ይሄ ያንንም ያስቀራል።

ስለ መደፈንስ? ክሊክም ኮር ነው፣ የተቀመጠውም ያው ቱቦ ውስጥ ነው። ቫልቩን ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ የሚያሳድር ሰው ከክሊክም ተአምር አይጠብቅ። መንገዱ ሰፋ ያለ ስለሆነ ግን ቶሎ አይታነቅም፣ ካስፈለገም ተፈትቶ ይጸዳል። ለእኔ ይሄ ይበቃኛል። ቫልቮቼን ከላይ አድርጌ አቆማለሁ፣ ፈሳሹን በጊዜው እሞላለሁ፣ ከክሊክ ጋር እስካሁን ስስማማ ቆይቻለሁ።

ለማንኛውም ዓይነት የሚሆኑ ሁለት የመግጠሚያ ነገሮች። ቫልቩ ታች ያለው ጎማ ክብም አራት ማዕዘንም አለ፣ ከቸርኬያችሁ ቅርጽ ጋር የሚሄደውን ምረጡ፣ አለበለዚያ ጎኑ ላይ አየር ይወጣል። የሳሙና ውኃ ብታፈሱበት አረፋው ይነግራችኋል። ከውጪ ያለችውን ቀለበት ደግሞ በጣት ብቻ አጥብቁ፣ በፒንሳ አይሆንም። ፈሳሹ የማይችለው ትልቅ ቅዳድ መንገድ ላይ ቢያጋጥማችሁና ካላማዳሪያ ማስገባት ግድ ቢሆን ያን ቫልቭ በእጃችሁ መፍታት መቻል አለባችሁ። በፒንሳ የተጠበቀ ቀለበት ጫካ መሐል በእጅ አይፈታም። ፓምፓችሁ ቫልቩ ላይ በመጠምዘዝ የሚታሰር ከሆነ ደግሞ ሲፈታ ኮሩን አብሮ ይዞት እንዳይወጣ ኮሩን በመፍቻው ጠበቅ አድርጉት።

ብስክሌት ይዛችሁ አገር ቤት ለምትሄዱ፦ ሰፈር ያለው ጎሚስታ ኮምፕሬሰር የተሠራው ለመኪና ቫልቭ ነው፣ ፕሬስታ ላይ አይገጥምም። ፕሬስታን ወደ መኪናው ዓይነት የምትቀይር የናስ አስማሚ አለች፣ ከጥፍር የማትበልጥ፣ ዋጋዋም ከኮር ያነሰ። አንዷን ቫልቩ ላይ አስራችሁ፣ አንዷን ቦርሳ ውስጥ ጨምራችሁ ሂዱ፣ እዚህም ነዳጅ ማደያ ያለው የአየር መንፊያ ላይ ትሠራለች። ሲላንቱን ተጨማሪ ጠርሙስ ያዙ፣ በጋ ላይ ከሆነ ደረቁ አየር ቶሎ ይጨርሰዋል። ከመለዋወጫ ኮሮቹ አንዱን ደግሞ ለጎሚስታው ስጡት፣ አሠራሩን አሳዩትና፣ ቀጣዩ ቱብለስ ይዞ የሚመጣ ሰው ሳይጉላላ ይሄዳል።